ከፊርማው በፊት
ታሪኩን ለኮሚክስ አሳታሚ የሚልክ ወጣት ደራሲ፣ የክፍያውን መጠን ከማየቱ በፊት ስለ መብት የሚናገረውን አንቀጽ ደጋግሞ ያንብብ። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ለመጀመሪያው ባለ13 ገጽ ታሪክ 130 ዶላር፣ ማለትም በገጽ 10 ዶላር ተቀብለው መብቱን ጠቅልለው ለአሳታሚው ፈረሙ። ሁለቱም ገና የ23 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ በቼኩ ላይ ስማቸው እንኳ በትክክል አልተጻፈም። ኩባንያው በሱፐርማን ሲበለጽግ እነሱ ፍርድ ቤት ተመላለሱ፣ ስማቸውም ከገጾቹ ላይ ተነሣ። ሲገል አቤቱታውን በአደባባይ ካሰማ በኋላ፣ በ1975 ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ፤ ያኔ የሠዓሊው የሹስተር ዓይን ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ይህን ቸርነት ብሎ መጥራት ይከብደኛል። አሳታሚ ለኅትመትና ለስርጭት ገንዘቡን ስለሚያወጣ ትርፍ ይገባዋል፤ ለዚህ ግን የገጸ ባሕርዩ ባለቤት መሆን አያስፈልገውም። በ1992 በሠዓሊዎች የተመሠረተው ኢሜጅ ኮሚክስ መብቱን ለፈጣሪዎቹ እየተወ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። እናም ውሉ ሥራህን እንደ ተቀጣሪ ሥራ የሚቆጥር ከሆነ ያ ዐረፍተ ነገር እንዲወጣ ጠይቅ፤ ፊልሙ፣ ትርጉሙና መጫወቻው ለየብቻ ይጻፉ፤ መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋም መብቱ መቼ ወዳንተ እንደሚመለስ በቀን ተወስኖ ይስፈር።