ርእሰ አንቀጽ፦ ተጠባባቂው ቡድንና የፕላስቲኩ ሜዳ

የእግር ኳስ ውድድር በተጋመሰ ቁጥር ከምግብ አዳራሹ አንሥቶ እስከ መኝታ ክፍሎቹ ድረስ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሣል። ከተጠባባቂው ቡድን ማን ወደ ዋናው ይለፍ? ማንስ ማሊያውን ይመልስ? ክርክሩ ደስ ይላል፤ ከጥናት ሰዓት ላይ ካልሰረቀ በቀር እኛም አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ፍርዱ የሚሰጥበትን መንገድ ነው። «እገሌ በልምምድ ላይ እሳት ነበረ፥ ግጥሚያ ላይ ግን ጠፋ» ይባላል። «የእገሌ ቁርጭምጭሚት ደካማ ነው፥ በየጊዜው ወለም ይለዋል» ይባላል። ኳሱ የተመታበትና እግሩ የተጠማዘዘበት መሬት ምን ዓይነት እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልሰማንም።

መጠየቅ ግን ይገባል። የተፈጥሮ ሣር ያለው ሜዳ እንዳይጎዳ እየተባለ ለዋናው ቡድን ሲጠበቅ፥ ተጠባባቂዎቹ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ሲሮጡ እናያለን። ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ በጣም የሠለጠኑትና የበለጸጉት አገሮችም ይዘውታል። ስለዚህ ከእነርሱ ታሪክ ጥቂት እንጥቀስ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ምንጣፉ ለተጫዋች እግር ታስቦ የመጣ አይደለም። በ1965 በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ አስትሮዶም የተባለ ጣሪያ ያለው ታላቅ እስታዲዮም ተከፈተ። ውስጡ የተተከለው ሣር እውነተኛ ነበረ፤ ጣሪያውም ፀሐይ እንዲያስገባ ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ተሠርቶ ነበር። ነገር ግን የቤዝቦል ተጫዋቾቹ ወደ ላይ የተመታችውን ኳስ ነጸብራቁ እየጋረዳቸው ማየት አቃታቸው። ጣሪያው ቀለም ተቀባ፤ ብርሃን ያጣው ሣርም ሞተ። በ1966 በሙቱ ሣር ፋንታ የናይሎን ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ስሙም ከቤቱ ስም ተወስዶ አስትሮተርፍ ተባለ።

ወደ እንግሊዝ አገር እግር ኳስ የገባው በ1981 ነው። የለንደኑ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ሎፍተስ ሮድ በተባለው ሜዳው ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ሣር አነጠፈ። በአዲሱ ሜዳ ባደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያም በሉተን ታውን 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ምናልባት ምልክት ነበረ ቢባል ያስኬዳል። አሸናፊው ሉተን ራሱ በ1985፥ ኦልድሃምና ፕሬስተን ደግሞ በ1986 ተከተሉት። የሚሰጠው ምክንያት ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ነበረ፤ ምንጣፍ ዝናብ አያበላሸውም፥ ጠዋት ታዳጊው፥ ቀን ተጠባባቂው፥ ማታ የሠፈሩ ሕዝብ ቢጫወትበት አይላጥም፥ ኪራይም ያስገባል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የጎደለው የእግሩ ሒሳብ ነው።

ስለ አቋም የምንለውን ከኦልድሃም የበለጠ የሚያስረዳ የለም። በ1990 ይህ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ በሊግ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ዌስትሃምን በፕላስቲኩ ሜዳው ተቀብሎ 6 ለ 0 ቀጣው። በመልሱ ጨዋታ በለንደን በዌስትሃም ሣር ላይ ያው ኦልድሃም 3 ለ 0 ተሸነፈ። ባለሜዳነትም ድርሻ አለው ቢባል አንክድም፤ ይሁን እንጂ በሁለት ግጥሚያ መካከል የዘጠኝ ጎል ልዩነት በጭብጨባ ብቻ አይመጣም። በዚያ ምንጣፍ ላይ ኳሷ ከፍ ብላ ትነጥር ነበር፤ በሣር የለመደ ተከላካይ የምትወድቅበትን ሲገምት እርሷ አልፋው ትሄድ ነበር። ባለሜዳው ግን ጠባይዋን ያውቀዋል። ለኦልድሃም ፍርድ ላለማዛባት በ1991 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አልፎ ምንጣፉን አንሥቶ ሣር ከተከለ በኋላ እስከ 1994 ድረስ ከታላላቆቹ ጋር መቆየቱን መጨመር ይገባል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ መጫወት ይችሉ ነበር፤ ለመልመድ ግን ጊዜ ያስፈልጋቸው ነበር።

እንግዲህ የእኛን ተጠባባቂ እናስበው። አምስት ቀን በፕላስቲክ ላይ ይለማመዳል፤ እዚያ ኳስ ሲያቆምና ሲያቀብል እግሩ የለመደው የዚያን ሜዳ ፍጥነት ነው። በስድስተኛው ቀን ዋናው ቡድን ሰው ሲጎድልበት ተጠርቶ ጉብ ጉብ ያለ ሣር ላይ የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ይገባል። ሁለት ጊዜ ኳስ ከእግሩ ሥር ያመልጠዋል። ከዚያ በኋላ «ለትልቅ ጨዋታ አይሆንም» ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ ኦልድሃምን በመልሱ ጨዋታ ብቻ እንደ መመዘን ነው።

አቋም ግን ይመለሳል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ናቸው የሚያሳስቡን። የዛሬው ሰው ሠራሽ ሣር የ1981ዱ ዓይነት አይደለም፤ ክሩ ረዝሞና ለስልሶ በመካከሉ አሸዋና የጎማ ፍርፋሪ ስለሚሞላ ቆዳ እንደ ድሮው አይልጥም፥ ነጠራውም ተሻሽሏል። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽንም መለኪያ አውጥቶለት ተቀብሎታል። የሆነ ሆኖ ታኬታው ክሩ ውስጥ ሲሰካ የሚሆነውን ነገር ማንም የኳስ ሰው ያውቀዋል። በሣር ላይ በድንገት ሲዞሩ አፈሩ ይቦጨቃል፥ እግርም አብሮ ይለቃል። ምንጣፍ አይቦጨቅም። ጫማው ተይዞ ሲቀር ሰውነት ይዞራል፤ ያ ኃይል የሚያርፈው በጅማት ላይ ነው።

ጥናቱስ ምን ይላል? በ2006 የታተመ የስዊድናዊው ሐኪም የኤክስትራንድና የባልደረቦቹ ምርመራ አዲሱን ዓይነት ምንጣፍ ያነጠፉ ዐሥር የአውሮፓ ክለቦችን ተከታትሎ ነበር። ውጤቱን በሐቀኝነት እንናገር፤ በጠቅላላው ሲታይ በምንጣፉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሣሩ የበዛ ሆኖ አልተገኘም። የፕላስቲክ ወዳጆች እዚህ ላይ ንባባቸውን ያቆማሉ። ቀጥሎ ያለው ግን የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው፤ በግጥሚያ ላይ በየ1000 ሰዓቱ በሣር 2.66፥ በምንጣፍ 4.83 ሆነ። አንድ ቡድን በአንድ ግጥሚያ ዐሥራ አንድ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያጫውታል፤ ይህ 16 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ 1000 ሰዓት ማለት ስድሳ ያህል ግጥሚያ ነው። በስድሳ ግጥሚያ ሦስት የማይሞላው ወለምታ ወደ አምስት ይጠጋል ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ የሚመስለው የራሱ ቁርጭምጭሚት ላልሆነበት ሰው ነው።

ለእኛ ጉዳይ ከዚህም ይበልጥ የሚቀርበው በ2013 የታተመው የስዊድንና የኖርዌይ ክለቦች ጥናት ነው። እዚያም ድንገተኛው ጉዳት በሁለቱ ሜዳዎች ላይ ሲነጻጸር ብዙ ልዩነት አልታየም። ነገር ግን መኖሪያ ሜዳቸው ምንጣፍ የሆነው ክለቦች በልምምድ ላይ የሚደርስባቸው ድንገተኛ ጉዳትና ከድካም ብዛት የሚመጣው ሕመም ሣር ካላቸው ክለቦች በልጦ ተገኘ። አደጋው ያለው በአንዱ ግጥሚያ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ቀን ከቀን በሚደረገው ልምምድም ውስጥ ነው። ቀን ከቀን የሚለማመድበት ደግሞ ተጠባባቂው ነው። ከጉዳት ተነሥቶ «ቀስ ብሎ ይመለስ» የተባለው የዋናው ቡድን ተጫዋችም የመጀመሪያውን ግጥሚያ የሚያደርገው ከተጠባባቂዎቹ ጋር ስለ ሆነ፥ ገና ያልጠና ጉልበቱን ይዞ የሚመጣው ወደዚያው ሜዳ ነው። ወጌሻችን ለአንድ ወር ያሸውን እግር በአንድ ከሰዓት በኋላ መልሰን እናስረክበዋለን።

አሁን ደግሞ ሌሎቹ ምን እያደረጉ እንደ ሆነ እንመልከት። ሆላንዶች ከ2025–26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሰው ሠራሽ ሣር ከከፍተኛው ሊጋቸው እንዲወጣ አድርገዋል። የስኮትላንድ ከፍተኛ ሊግ ክለቦችም በ2024 በድምፅ ብልጫ ከ2026–27 ጀምሮ እንዲቀር ወሰኑ። እሰየው እንላለን። ነገር ግን ውሳኔዎቹ የሚመለከቱት ላይኛውን ሊግ ብቻ ነው። የአያክስ፥ የፒኤስቪ፥ የዩትሬክትና የአልክማር ተጠባባቂ ቡድኖች ሲጫወቱ የኖሩት በሆላንድ ሁለተኛው ሊግ ውስጥ ነው፤ የሴልቲክና የሬንጀርስ ተጠባባቂዎችም በ2021 የገቡት በስኮትላንድ ዝቅተኛ ሊግ ውስጥ ነው። በእነዚህ ሊጎች ምንጣፉ አልተነሣም። ታላላቆቹ «ለእግራችን አይበጅም» ብለው የጣሉት ሜዳ ለታናናሾቹ ቀረ ማለት ነው። የልጆቹ ጅማት ከአባቶቹ ጅማት የጠነከረ ነው ያለ ሐኪም ግን የለም።

ሁለተኛ ተብሎ በተቆጠረ ሰው ላይ ይህ ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። በ1994 የወንዶች የዓለም ዋንጫ በአሜሪካ ሲደረግ በዲትሮይት አጠገብ ያለው ጣሪያ ያለው የፖንቲያክ እስታዲዮም ሰው ሠራሽ ሜዳ ነበረው። ለወንዶቹ አይሆንም ተባለ። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሣር ሊቃውንት እውነተኛ ሣር በውጭ አብቅለው ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ትሪዎች ላይ አድርገው አስገቡት፤ ጨዋታውም በሣር ላይ ተካሄደ። (በዩኒቨርሲቲ የሚደረግ ምርምር ኳስ ሜዳ ድረስ እንደሚደርስ ለሚጠራጠሩ መምህራን ይህን በአክብሮት እናስታውሳለን።) ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ2015፥ የሴቶቹ የዓለም ዋንጫ በካናዳ ሲደረግ ስድስቱም እስታዲዮሞች ሰው ሠራሽ ነበሩ። ተጫዋቾቹ በ2014 «ወንዶቹ ይህን አይጠየቁም ነበር» ብለው በኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ችሎት አቤት አሉ፤ ውድድሩ ሲቃረብ ግን ክሱን አንሥተው በምንጣፉ ላይ ተጫወቱ።

ከዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ጭቃ ይሻላል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የአዲስ አበባን መረሬ አፈር የሚያውቅ ሰው ክረምት ሲገባ ሜዳው ማጥ፥ በጋ ሲሆን ደግሞ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ባለው ሜዳ ላይ ከሚሰበር እግር በደኅና ምንጣፍ ላይ የሚደርስ ወለምታ ይሻላል። በቅርብ ዓመታት በየሠፈሩ የተሠሩት ሰው ሠራሽ ሜዳዎችም ድንጋይና አቧራ ላይ ይጫወት ለነበረ ብዙ ወጣት ትልቅ ነገር ሆነውለታል፤ እንነቅላቸው የሚል ከእኛ ወገን አይደለም። ነገር ግን ምንጣፍም እንደ ሣር ጠባቂ ይፈልጋል። የጎማው ፍርፋሪ በጎል አፍና በማዕዘን ምት አጠገብ እየተገፋ ሲያልቅ ክሩ ይተኛል፥ ከሥሩ ያለው ጠንካራ መሬትም ይቀርባል። አንድ ጊዜ ተነጥፎ ከዚያ በኋላ መጥረጊያ ያላየ ሜዳ «አዲሱ ዓይነት ነው» ቢባል ስሙ እንጂ ግብሩ የ1981ዱ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ እንደ ምጣድ መጋሉንም በላዩ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

የጫማም ነገር አለ። ረጅም ታኬታ ለለስላሳ አፈር የተሠራ ነው፤ በምንጣፍ ላይ የሚመከረው ብዙና አጭር ታኬታ ያለው ነው። ከእኛ መካከል ሁለት ዓይነት ጫማ ያለው ስንት ነው? ብዙው አንዲቱን ጫማ ሰኞ በፕላስቲክ፥ ቅዳሜ በሣር ይጫማታል፤ ከወንድሙ የተዋሰ መኖሩንም እናውቃለን።

ስለዚህ የስፖርቱ ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲመለከተው የምናቀርበው ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። ሣሩ ለዋናው ቡድን ብቻ መሆኑ ይቅር፤ ተጠባባቂዎቹ ከሳምንቱ ልምምድ ቢያንስ አንዱን፥ ይኸውም ለግጥሚያ የሚቀርበውን፥ በሣር ላይ ያድርጉ። ዋናው ቡድንም አንዱን ቀን ምንጣፉን ይቅመስ፤ ሜዳው ደኅና ነው የሚሉን መሪዎቹ እስከ ሆኑ ድረስ ቅር አይላቸውም። ከጉልበት ወይም ከቁርጭምጭሚት ጉዳት የተነሣ ተጫዋች የመጀመሪያውን ግጥሚያ በፕላስቲክ ላይ እንዲያደርግ አይገደድ። ከማኅበሩ የስፖርት በጀት ለአዲስ ማሊያ ከሚውለው ላይ ተቀንሶ በጋራ የሚያዙ ጥቂት ጥንድ አጭር ታኬታ ጫማዎች ይገዙ፤ ያለፈው ዓመት ማሊያ ገና አልነተበም።

ከሁሉ በፊት ግን ደብተር ይያዝ። የተጠባባቂው ቡድን የሚጎዳበትን ቀን፥ ሜዳውን፥ የተጫወተበትን ደቂቃ፥ ያደረገውን ጫማና የተጎዳውን አካል የሚመዘግብ ሰው ዛሬ የለም፤ የጎሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፈው። መዝገብ ከሌለ በዓመቱ መጨረሻ «ደካማ ቁርጭምጭሚት» የሚለው ፍርድ ይግባኝ የለውም። ደብተሩ በሁለት መስመር ተከፍሎ አንዱ ለሣር ሌላው ለምንጣፍ ቢሆን፥ በሁለት ሴሚስተር ውስጥ የራሳችንን ሰዓት ቆጥረን የራሳችንን ቁጥር ማየት እንጀምራለን። ከሕክምና ፋኩልቲና ከስታትስቲክስ ክፍል ይህን ሥራ ለመያዝ ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች፥ እነርሱንም ለመምራት የሚፈቅዱ መምህራን፥ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲሰጡ በትሕትና እንጠይቃለን።