ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው



ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በጀመዓችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ከአፍ አፍ ይዞራል፤ «ዘንድሮ የት ነው የምንወጣው?» መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። አውቶቡስ እንከራያለን፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት እንገባለን፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ፕሮግራም እንሰማለን፣ ምሳ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ከመግሪብ በፊት ላፍቶ እንመለሳለን። እኛ የዚህች መጽሔት አዘጋጆችም ያንኑ ስናዘጋጅና ስናሞግስ ቆይተናል። ዘንድሮ ግን «ይህ ይቅር» እንላለን። ምክንያታችንን ስሙን።

ባለፈው ዓመት መዋጮው ከፍ ስላለ ብዙ ልጆች ቀሩ። አንዳንዶቹ «ፈተና አለብኝ» አሉን፤ «ብር የለኝም» ማለት ከብዷቸው እንደነበር የገባን በኋላ ነው። የሄድነውም ብንሆን ዙህርን የሰገድነው መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ነው። ከጎናችን የተከፈተው ሙዚቃ የኢማሙን ተክቢራ እንኳ አላሰማን አለ።

ስንመለስ ዱከም ላይ መንገዱ ተዘጋ። አንድ የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ጋሪውን መንገዱ መሐል አጋድሞታል። ሹፌሮቹ ጥሩንባ ያንባርቃሉ፤ ፈረሱ ይብስ ይደነግጣል። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ያልወጣው የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ብድግ ብሎ ከአውቶቡሱ ወረደ። በጎን በኩል ቀረበና ዝቅ ባለ ድምፅ በአፋን ኦሮሞ እያናገረው ልጓሙን ያዘ፤ ጋማውን ዳበሰ፤ ባለጋሪው ማሰሪያውን እስኪፈታ ድረስ አረጋጋው። ተመልሶ ሲገባ ሁላችንም እሱን እናያለን። ከዶዶላ ገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ፈረስ ላይ የወጣው ገና በልጅነቱ ነው። «ምነው እስከዛሬ አልነገርከንም?» ስንለው፣ «እዚህ ስለ ፈረስ ባወራ ባላገር ትሉኛላችሁ ብዬ ነዋ» አለን። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ታሳፍረናለች። ለወንድማማችነት ብለን ባዘጋጀነው ጉዞ ላይ አንድ ወንድማችን የሚያውቀውን ደብቆ ቀኑን ሙሉ ተቀምጧል።

የምንለው አጭር ነው። ድንኳን ተክለን የምናድርበት፣ ፈረስ የምንጋልብበት፣ በእግራችን የምንዘዋወርበት ቦታ ለማግኘት ውድ አስጎብኚ አያስፈልገንም። አገሩንም ፈረሱንም የሚያውቁት ልጆች ሶፍ ላይ ከጎናችን ቆመው ይሰግዳሉ። ጉዟችንን እነሱ ይምሩት።

ፈረስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቁርአን ውስጥ በሚገሰግሱ ፈረሶች የሚጀምር ሱራ አለ፤ ዐዲያት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ፈረሶችን ያወዳድሩ እንደነበርና ዐብደላህ ኢብኑ ዑመርም ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ እንደነበሩ በቡኻሪ ተዘግቧል። ወደ አገራችን ብንመጣም የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር እስከ ዛሬ የሚታወቁት በፈረሳቸው ስም ነው። በአገው ምድር ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ተሰብስቦ ይጋልባል። ፈረስ ማወቅ በዚህ አገር የሚከበር ሙያ ነው። የሚያሳፍር ያደረግነው እኛ የከተማ ልጆች ነን።

የምንኖርበት ሰፈር ስም ራሱ ይህን ያስታውሰናል። ላፍቶ በአፋን ኦሮሞ ግራር ማለት ነው። ዛሬ ግን ከጀርመን አደባባይ እስከ ጀሞ፣ ከለቡ እስከ ሃና ማርያም ብንሄድ የምናየው ኮንዶሚኒየም፣ ግንባታና የታክሲ ሰልፍ ነው። ቢሆንም ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ መሆናችን ጠቅሞናል። የጅማ መንገድ ቅርባችን ነው፤ ሰበታን ካለፍን ሜዳው ይጀምራል።

እስቲ ቦታዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እንጦጦ ፓርክን ነው። በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ የተከፈተው ይህ ፓርክ የፈረስ ግልቢያም የእግር መንገድም አለው። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ለአንድ ቀን መልካም ነው። ነገር ግን ከላፍቶ ለሚነሳ ሰው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ግልቢያውም በአጭር ዙር የሚከፈልበት መዝናኛ ነው። ተሳፍረን እንወርዳለን እንጂ ከፈረሱም ከባለቤቱም ጋር አንተዋወቅም። ፈረስ ቀርቦ ለማያውቅ ሰው ለመጀመሪያ ቀን ይበቃዋል፤ ለጀመዓ ጉዞ ግን አይበቃም።

ለአንድ ሌሊት ሙከራ የሚስማማን የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በሰበታ በኩል የሚገባበት ይህ ደን የወጨጫን ተራራ ተከትሎ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አለው፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይታዩበታል። ታሪኩ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሚመለስ ጥብቅ ደን ነው። ድንኳን የሚተከልበት ቦታም አለው። ዋናው ሀብቱ የእግር መንገዱ ነው እንጂ ፈረሱ አይደለም። ሆኖም ድንኳን ተክሎ፣ በብርድ አድሮ፣ ፈጅርን ደን ውስጥ በጀመዓ ሰግዶ ለማያውቅ ሰው ትምህርቱ እዚህ ቢጀመር ይሻላል። ከተቸገርንም ቤታችን ቅርብ ነው።

ፈረስ ከፈለግን ወንጪ አለ። በወሊሶ በኩል ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጠርዙ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ፈረሶቻቸውን ይዘው እንግዳን ከጠርዙ ወደ ሐይቁ ማውረድ ከጀመሩ ቆይተዋል። ወደ ታች በፈረስ፣ ሐይቁን በጀልባ፣ ከዚያ ወደ ፍል ውሃው በእግር ይኬዳል። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ያስገባው ለከንቱ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ዘመናዊ ሎጅ ተሠርቷል። እኛ ተማሪዎች ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን የሎጁን ዋጋ አይደለም። «ፈረሱ የማን ነው? የምንከፍለውስ ብር በማን እጅ ይገባል?» ብለን ነው መጠየቅ ያለብን። ብሩ ፈረሱን ይዞ አብሮን ለሚወርደው ገበሬ ሲደርስ ክፍያው ትርጉም ይኖረዋል።

ሦስተኛው የወንድማችን አገር ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በአዳባና በዶዶላ ተራሮች ላይ አንድ ሥራ ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ደኑን የሚቆርጠው ሰው ችግረኛ ስለሆነ፣ ደኑ ቆሞ የሚያበላው ነገር ይፈለግለት። በደኑና በተራራው ላይ ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አዴሌ፣ ሞሎሊቾና ዱሮ በሚባሉ ቦታዎች ማደሪያ ጎጆዎች ተሠሩ። እንግዳው ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው በፈረስ እየሄደ ቀናት ይቆያል። መንገድ መሪው፣ ባለፈረሱና ጎጆ ጠባቂው እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ያገኛሉ። ይህ እንግዲህ አሁን እኛ የምንፈልገው ዓይነት ቦታ፣ ከእኛ መወለድ በፊት የታሰበ ማለት ነው። ከዶዶላ አልፎ ደግሞ ዲንሾ አለ፤ በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ። እዚያም ድንኳን ተክሎ በፈረስ ወደ ተራራው መውጣት የቆየ ነገር ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን የምንደርሰው ፈረስ የዕለት ኑሮ የሆነበት ሙስሊም ገበሬ መንደር ነው። ሐላል ሥጋ ፍለጋ የለም፤ «መስገጃ የት ነው?» ብሎ መጨነቅ የለም።

ሐሳባችንን ስናነሳ ከወንድሞችና ከእህቶች ተቃውሞ ገጥሞናል። ተቃውሞው ተገቢ ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

«ብር ከየት ይመጣል?» የሚለው አንዱ ነው። ያለፈው ጉዞ ውድ የሆነው በመንገዱ ሳይሆን በአዳራሹና በምሳው ነው። ድንኳን መዋስ ይቻላል፤ ብርድ ልብስ ሁሉም አለው፤ ወሊሶ ገበያ በግ ገዝተን የሚያርድ ወንድም አናጣም። ድስትና ከሰል ይዘን እንሂድ። የተረፈውን ብር ደግሞ «ፈተና አለብኝ» ብለው ለሚቀሩት ልጆች፣ ማንም ሳያውቅባቸው እንሸፍንላቸው።

ሁለተኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው። ይህን ቀላል አድርገን አናየውም። መንገዱ ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም አይነሳም። ግን ከአካባቢው ልጆች በላይ ማን ያውቃል? አባቱ እዚያ ያለ ልጅ አንድ ስልክ ደውሎ የሚሰማው፣ እኛ በሳምንት ከምንሰበስበው ወሬ ይበልጣል። «ዘንድሮ አይሆንም» ካሉን፣ አይሆንም። መናገሻ እናድራለን።

ሦስተኛው የእህቶች ነገር ነው። «እህቶች ፈረስ ላይ? ሌሊት ማደር?» የሚሉን አሉ። ይህን ለሚሉን አንዲት ከአርሲ የመጣች እህታችን የሰጠችውን መልስ እናቀብላለን፤ «እናቴ ጅልባቧን ለብሳ በፈረስ ገበያ ሄዳ ትመለሳለች፤ ማንም ነውር ነው ብሏት አያውቅም።» ማደሩ ሥርዓት ይፈልጋል፤ ያንን አንክድም። የእህቶች ድንኳን ለብቻው፣ ራቅ ብሎ ይተከል። ኃላፊዎቻቸው ከራሳቸው ይመረጡ። የግልቢያ ሰዓታቸውም የራሳቸው ይሁን። ከቤተሰብ ፈቃድ ያላገኘች ወይም ያለ መሕረም ማደር የማትፈልግ እህት ደግሞ በቀን ጉዞው ትካፈል። ለማደሩ ዝርዝር ኡስታዞቻችንን እንጠይቅ። «ያስቸግራል» ብሎ ሁሉንም እህቶች ማስቀረት ግን ከችግሩ መሸሽ ነው። አንድ ምክርም አለን፤ ሰፊ ልብስ እርካብ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ከስር ሱሪ ይለበስ፤ የቀሚሱም ጠርዝ ከመውጣት በፊት ይሰብሰብ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ እንዲታሰብበት እንፈልጋለን፤ ፈረሱ ራሱ አማና ነው። ኮርቻው ከመጫኑ በፊት ጀርባው ይታይ። ገጣባ ፈረስ ቢቀርብልን፣ ዋጋው ቢረክስም አንቀመጥበት፤ ለባለቤቱም ምክንያቱን በአክብሮት እንንገረው። ኮቴው የቆሰለ፣ የሚያነክስ፣ አጥንቱ የወጣ ፈረስም እንዲሁ። ለሁለት አንቀመጥ። ዳገት ላይ እንውረድለት። እኛ ምሳ ከመብላታችን በፊት ውሃ ይጠጣ። በየዓመቱ ስለ እዝነት ሙሐደራ እንሰማለን፤ የሰማነውን የምንፈትሽበት ቀን ያ ነው።

ስለ ጊዜውም እናንሳ። እስካሁን ጉዟችን ሰኔ ላይ ነበር፤ ሰኔ ደግሞ ዝናብ ነው። የወንጪ ቁልቁለት ሲረጥብ ፈረስም ሰውም ያዳልጠዋል። በአንደኛውና በሁለተኛው ሴሚስተር መካከል ያለችው እረፍት ደረቅ ወቅት ላይ ስለምትውል ትሻላለች። ሌሊቱ ግን ብርድ ነው፤ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይያዝ። ቂብላ ለመፈለግም ብዙ መቸገር የለም፤ መካ ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው። ወንጪም ዲንሾም ሩቅ መንገድ ስለሆኑ ስለ ቀስርና ስለ ጀምዕ ሳንነሳ በፊት አንድ ደርስ ይዘጋጅልን።

እንግዲህ ለሹራው ያለን ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የዘንድሮው የአዳራሽ ጉዞ ይቅር። ሁለተኛ፣ በመጪው እረፍት መናገሻ ላይ የአንድ ሌሊት ሙከራ ይደረግ። ሦስተኛ፣ ከዶዶላ፣ ከአዳባ፣ ከወሊሶ፣ ከጅማ፣ ከወሎና ፈረስ ካለበት አገር ሁሉ የመጡ ልጆች አንድ ኮሚቴ ይሁኑ፤ ከእህቶችም ከወንድሞችም። ቦታውን እነሱ ይምረጡ፣ ዋጋውን እነሱ ይነጋገሩ፣ ኮርቻ አጫጫንን እነሱ ያስተምሩን። የከተማ ልጆች የሆንን ደግሞ ለአንድ ጊዜ ተማሪ እንሁን።

ያ ወንድማችን አሁን ሁለተኛ ዓመት ገብቷል። ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት አሳየነው። አንብቦ ሲጨርስ ሳቅ አለና፣ «ዋሆሮ ድረስ እኔ እወስዳችኋለሁ። ግን ከፈረስ ስትወድቁ እንዳታለቅሱ» አለን። ዘንድሮ ያላወራው ልጅ ሆኖ አውቶቡስ ጥግ አይቀመጥም፤ ኢንሻአላህ ከፊታችን ይጋልባል። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። የቀረው የእኛ መነሳት ነው።