በካርታው ላይ ያለችው አንዲት ቃል

ባለፈው ሳምንት የግብር ደረሰኝ አንብበናል። ዛሬ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ቦታ እንነጋገራለን። ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ፈቃድ የሚጠየቀው በሰውየው ብቻ ይመስለዋል። መታወቂያ ካለኝ፣ ገንዘብ ካለኝ፣ ሙያውን ካወቅሁ ምን ቀረኝ ይላል። አንድ ነገር ቀርቶታል። ቦታውን አልጠየቀም።

ከማታ ተማሪዎቻችን መካከል ብየዳ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። እጃቸው የተባረከ ነው። የክፍላችንን በር መቀርቀሪያ ያበጁልን እሳቸው ናቸው። እኒህ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ አንድ ክፍል ተከራዩ። የ6 ወር ኪራይ ቀድመው ከፈሉ። መሣሪያቸውን አስገቡ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ ለማውጣት ሄዱ። "ቦታው ለመኖሪያ ነው፤ ለብየዳ አይሆንም" ተባሉ። አከራዩም ገንዘቡን አልመልስም አሉ። ውሉ ላይ ስለ ፈቃድ የተጻፈ ነገር የለማ!

ታዲያ ይህ ነገር አስቀድሞ የት ተጽፎ ነበር? በአከራዩ ካርታ ላይ ነበር። እዚህ ላይ ካርታ የምንለው የይዞታ ማረጋገጫውን ወረቀት ነው። በካርታው ላይ የባለ ይዞታው ስም አለ። የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር አለ። ደግሞም የቦታው አገልግሎት ምን እንደ ሆነ ተጽፏል። "መኖሪያ" ይላል፣ ወይም "ንግድ" ይላል፣ ወይም "ቅይጥ" ይላል። ቅይጥ ማለት መኖሪያም ንግድም አብረው የሚሆኑበት ነው። መኖሪያ አራት ፊደል ናት። የስድስት ወር ኪራይ የበላችው እሷ ናት። እኛም ፊደል የምናስተምረው እንዲህ ያለችውን ቃል ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እንድታነቧት ነው።

"ግቢው የራሱ አይደለም እንዴ? ለምን የፈለገውን አያደርግበትም?" ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። የከተማ መሬት የመንግሥት የሆነው በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሏል። ቤቱ የሰው ነው፤ መሬቱ ግን ለተወሰነ አገልግሎት የተያዘ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የአዲስ አበባን ቦታ በአገልግሎቱ ለይቶ ዘመን መድቧል። ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60፣ ለከተማ ግብርና 15 ዓመት ነው። ቁጥሮቹን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ቃሉ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

አሁን ወደ ፕላን እንለፍ። የከተማ ፕላን ማለት የት ይኖራል፣ የት ይነገዳል፣ የት ፋብሪካ ይቆማል፣ መንገዱ በየት ያልፋል የሚለውን የሚያሳይ ሥዕል ነው። ብዙ ጊዜ በቀለም ይሣላል፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ትርጉም አለው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወፍጮ ቤት ዱቄት ያቦናል፣ ድምፁም ከፍ ያለ ነው። ጋራዥ ዘይት ያፈስሳል። ከጎኑ ሕፃን ታቅፋ የምትተኛ እናት አለች። ደግሞም ወፍጮ ቤት ጨርሶ ከሰፈር ቢጠፋ ያችው እናት እህል ተሸክማ ሩቅ ልትሄድ ነው። እንግዲህ ፕላን ይህን ሁለት ችግር ማስታረቅ አለበት።

ፕላን ሁሉ ግን ለሕዝብ ጥቅም የወጣ አይደለም። መርካቶን ተመልከቱ። ዱሮ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለመለየት ብሎ ነው። መርካቶ የሚለው ስም እንኳ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጣልያን ሄደ፣ ገበያው ግን ቀረ፤ ነጋዴውም በላቡ የራሱ አደረገው። ስለዚህ ፕላን ሲወጣ ለማን ነው ብሎ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574ም ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲመክርበት ደንግጓል። የስብሰባ ማስታወቂያ ተለጥፎ ስታዩ አልፋችሁ አትሂዱ፤ ቆማችሁ አንብቡት።

ወደ ፈቃዱ እንመለስ። የንግድ ጽሕፈት ቤቱና መሬቱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ሁለት ናቸው። የንግዱ ክፍል ማን ነህ፣ ምን ትሸጣለህ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርህ ስንት ነው ይላል። ምግብና መድኃኒት ለመሳሰሉት ሥራዎች የብቃት ማረጋገጫም ይፈለጋል። አድራሻ ሲጠየቅ ካርታ ወይም የኪራይ ውል ይቀርባል። የቦታው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ የንግድ ፈቃድ የቦታውን አገልግሎት አይለውጥም። መኖሪያውን ወደ ንግድ ለመለወጥ ባለ ይዞታው ራሱ ለመሬቱ ክፍል የአገልግሎት ለውጥ ማመልከቻ ያቀርባል። ጥያቄው ከፕላኑ ጋር ከተስማማ ሊፈቀድ ይችላል። ተከራይ ይህን ማድረግ አይችልም። አዲስ ግንባታ ከሆነም በቅድሚያ የፕላን ስምምነት የሚባል ወረቀት አለ፤ በቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚናገረው እሱ ነው።

ፈቃድ ያወጣ ሰውም ሥራው አላለቀም። ፈቃዱን በሱቁ ውስጥ በሚታይ ቦታ ይሰቅላል። ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ሥራ ውጭ አይሠራበትም፣ ለሌላ ሰውም አያከራየውም። አድራሻ ሲለውጥ ያስታውቃል። የእድሳቱ ጊዜ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የተወሰነው ጊዜ ካለፈ ቅጣት አለው።

አንድ የሚያናድደን ነገር እንናገር። ባለጉዳዩ ይሄዳል፣ "ነገ ና" ይባላል። ነገ ይሄዳል፣ "ፕላኑ አይፈቅድም" ይባላል። የትኛው ፕላን? ማን አየው? ባለ ቀለሙ ሥዕል መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ሕዝቡ ፕላን ጣሰ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በየወረዳው ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ቢለጠፍ ምን ይጎዳል? እኛ ጀበና ጥደው ቡና የሚሸጡትን እናቶች ጭምር ቀለሙን ልናስነብባቸው ዝግጁ ነን።

እስከዚያው ድረስ እንዲህ አድርጉ። ቀብድ ሳትከፍሉ ካርታውን አሳዩኝ በሉ። አከራዩ ካላሳየ ሌላ ቤት ፈልጉ። በውሉ ላይ "በቦታው ምክንያት ፈቃድ ከተከለከለ የተከፈለው ኪራይ ይመለሳል" የሚል ዐረፍተ ነገር አስገቡ። ቢሮ ሄዳችሁ አይሆንም ከተባላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ በሉ። ቀንና ፊርማ፣ ማኅተምም እንዳለው እዩ። አቤቱታ የሚቀርበው በቃል ሳይሆን በዚያ ወረቀት ነው።

ብየዳ የሚሠሩት ተማሪያችን ማመልከቻቸውን አሁን በራሳቸው እጅ እየጻፉ ነው። ሁለት ገጽ ደርሰዋል፤ "አገልግሎት" የሚለውን ቃል ያለ ስሕተት ጽፈውታል። በሚመጣው ሳምንት የኪራይ ውል እናነባለን። ውል ያላችሁ ቅጂውን ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁም እርሳስና ደብተር አትርሱ።