ማሽኑ ይምጣ፤ የባጃጁን ግን ማን ይክፈል?

አቦ፣ ዛሬ ስለ ጭንቅላት ኤሌክትሪክ እናውራ። አትሳቁ፣ ቁም ነገር ነው። በስልካችን የሚዞሩትን ቪዲዮዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ሚዛኑን ጠብቆ መቆም የሚያቅተው ልጅ፣ ጭንቅላቱ ላይ የታሰረ ቀበቶ፣ ሁለት ሽቦ፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ ልጁ እየተራመደ ይመጣል። ደቻቱ ዳር የሰባት ዓመት ልጇን አሁንም በጀርባዋ የምታዝል እናት ይህን ብታይ ምን ትላለች? «የት ይገኛል? ስንት ነው?» ነው የምትለው። እኛም በእሷ ቦታ ብንሆን ሌላ ነገር አንልም።

ነገሩ ፈጠራ አይደለም። ቲዲሲኤስ ይሉታል። በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ስፖንጆች ጭንቅላት ላይ ይደረጉና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ በመካከላቸው ደካማ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ቀዶ ጥገና የለም፣ መርፌ የለም። ለልጆች ብዙ ጊዜ የሚሞከረው 1 ሚሊአምፔር ነው፤ 1 አምፔር የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር የሺ አንዱ ማለት ነው። ይህ መጠን የአንጎል ሴልን በግድ አያስነሳም። ሴሉ ሥራ ሲመጣለት ቶሎ እንዲነሳ ያለሰልሰዋል እንጂ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ ሥራው ካልመጣለትስ? ያኔ መለስለሱ ብቻውን ምንም አያስተምርም። መቆምን የሚያስተምረው መቆም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የብራዚል ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው 24 ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም ለሁለት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ትሬድሚል ላይ ተራመዱ። ግማሾቹ እየተራመዱ እውነተኛውን ኤሌክትሪክ አገኙ፤ ግማሾቹ ሽቦው ታስሮላቸው ከ30 ሰከንድ በኋላ ጠፋባቸው። እውነተኛውን ያገኙት ልጆች ሚዛናቸው የተሻለ ሆነ፤ ከአንድ ወር በኋላ ሲለኩም ልዩነቱ ነበር። ደስ ይላል። ግን 24 ልጅ ማለት አንድ ክፍል እንኳን የማይሞላ ተማሪ ነው። ደግሞም የተመረጡት በራሳቸው ወይም በድጋፍ መራመድ የሚችሉት ናቸው። ያቺ እናት ያዘለችው ልጅ ገና ያለ ድጋፍ መቀመጥ የማይችል ከሆነ፣ ጥናቱ ስለ እሱ ያለው ነገር የለም። ቪዲዮው ግን ይህን አይነግራትም።

እኛን የሚያናድደን «ከፊዚዮቴራፒ ጋር» የምትለዋ ቃል ሁሌ መዋጧ ነው። ሽቦው ፎቶ ላይ ያምራል፤ ልጅን ከበርጩማ ሃምሳ ጊዜ ማስነሳትና ማስቀመጥ አያምርም። ሥራው ግን እሱ ነው። እቃ ለማንሳት ጎንበስ ማለት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ደረጃ መውጣት፣ ወድቆ መነሳት፤ በየቀኑ፣ ለወራት፣ ለዓመታት። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ «ወጌሻ ይሸው» የሚል ምክር አይጠፋም። ወጌሻን አንንቅም፣ የእኛንም ቁርጭምጭሚት አሽቷል። ነገር ግን ተኝቶ የሚታሽ ልጅ ሚዛን መጠበቅን አይማርም፤ ልጁ ራሱ መልፋት አለበት። ከቤተሰብ ጋር ግብ ተቀምጦለት ቤት ውስጥ የሚሠራ ልምምድ ጥሩ ውጤት እንዳለው በደንብ ተጠንቷል። ለዚህ የሚያስፈልገው እናትየዋን የሚያሠለጥን፣ በየጊዜው እያየ የሚያርም ባለሙያ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ለዓመታት ሲያስመርቅ ኖሯል፤ ስለዚህ «ሙያው አገራችን ውስጥ የለም» የሚባል ሰበብ አይሠራም።

እስቲ የባጃጁን ሂሳብ እንሥራ። ለዚያ ጥናት ብቻ አሥር ቀን መመላለስ ነው፤ ሃያ ጉዞ። መጋላ የምትኖር እናት ሕክምናው ከዚራ ቢሆን ደቻቱን ሃያ ጊዜ ትሻገራለች። ደቻቱ ደግሞ ሲያሻው አሸዋ ነው፣ ሲያሻው ወንዝ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ይኸው «ደረቅ» ወንዝ ነው። ልጅ በጀርባ፣ ጉልት ላይ ጥላው የመጣችው ቲማቲም በሐሳብ፣ ሙቀቱ ከላይ። በሦስተኛው ቀን ብትቀር ማን ይፈርድባታል? (እኛ ለጂም ከፍለን በሁለተኛው ቀን የቀረን ሰዎች አንፈርድም።)

መንግሥት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቋል። አንቀጽ 26 ተሃድሶ በተቻለ መጠን በቶሎ እንዲጀመርና ለሰዎቹ መኖሪያ በተቻለ መጠን ቅርብ እንዲሆን ይላል። ቅርብ ማለት ለእኛ በእግር የሚደረስ ጤና ጣቢያ ማለት ነው። እዚያ አንድ ፊዚዮቴራፒስት፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ በርጩማ ይኑር።

«ታዲያ ለድሃ አዲስ ሳይንስ አይገባውም?» የሚለን አይጠፋም። ይገባዋል እንጂ! ጥናቱ እዚህም ይሠራ፤ በዩኒቨርሲቲ፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከቤተሰብ አንድ ሳንቲም ሳይጠየቅ። የምንፈራው ሌላውን መንገድ ነው። መሣሪያው በኢንተርኔት ለማንም ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የመስኩ ተመራማሪዎች ራሳቸው በቤት ሙከራ ለሚያደርጉ ሰዎች ግልጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሰዋል። የልጅ የራስ ቅል ቀጭን ስለሆነ ያው መጠን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ኤሌክትሪክ ከአዋቂ ይበልጣል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ ይህ ሳይጣራ ሽቦ አይታሰርም። ስፖንጁ ከደረቀ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ የድሬን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ነገ አንድ ሰው ማሽን ይዞ ሰፈራችን ቢመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት። ልጁ የሚጥል በሽታ እንዳለበት በምን ታጣራለህ? ሽቦው በታሰረበት 20 ደቂቃ ልጁ ምን ይሠራል? ሽቦው ከተፈታ በኋላስ ባሉት ስድስት ወራት ማን ያሠራዋል? ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስለ ዋጋ ማውራት ከጀመረ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።