ኤቢሲዲ መዝፈን ማንበብ አይደለም

«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተሰኘውን ድርጅት የመሠረተው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ በኢትዮጵያ ስላሉት የወንጪና የወለንጪቲ መንደሮች ልጆች የተናገረው ዛሬም ያንገበግባል። ድርጅቱ ትምህርት ቤት ላልደረሳቸው መንደሮች በሣጥን የታሸጉ ታብሌቶች ሰጠ። መምህር አልነበረም። አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ማብሪያውን አገኘ። በአምስተኛው ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል ዘፈኑ። በአምስተኛው ወር ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አስነሡ፤ ይህም ሥርዓቱን ሰብሮ እንደ መግባት ተቆጥሮ ተወደሰላቸው።

የልጆቹ ቅልጥፍና አያከራክርም። የሚያስቆጣው ከዚያ የተነሣው ተስፋ ነው፦ መሣሪያው ካለ ልጅ ያለ መምህር ማንበብ ይማራል የሚለው።

ምን ማንበብ? በሁለቱም አካባቢ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋው የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ቢጠቀምም ድምፁን የሚያወጣው በራሱ ሕግ ነው። እንግሊዝኛው «ኤክስ» የሚለው ፊደል በቁቤ «ጠ» ነው፤ ጤፍ፣ በኦሮምኛው «ጣፊ»፣ የሚጀምረው በእሱ ነው። «ሲ» የሚባለውም «ጨ» ነው። ዘፈኑን አንድ ፊደል ሳይስት የሚወጣ ልጅ እናቱ የምታቦካውን እህል ስም አያነብም። ከታብሌቶቹ በአንዱ ላይ አንድ ልጅ የጻፈው ቃል በዜና ተነግሮለታል፤ ቃሉ የእንግሊዝኛው «አንበሳ» ነበር። «አይ ልጄ፣ እዚህ ላይ እንዲህ ነው የሚነበበው» ብሎ የሚያርም ሰው በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። ታብሌቱ የትኛው መተግበሪያ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይመዘግብ ነበር፤ የማስታወሻ ካርዱም በየጊዜው እየተወሰደ ይታይ ነበር። የተከፈተን መተግበሪያ መቁጠር ግን ልጁ አፉን ከፍቶ ሲያነብ ከመስማት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህን ስህተት ኢትዮጵያ ከወንጪ በፊት ራሷ ሠርታዋለች። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የቀረው የስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው መምህሩ ነው፤ መምህሩ ደግሞ ስርጭቱን ማቆም አይችልም። መብራት ከጠፋ ክፍለ ጊዜው ጠፋ። ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያን ዘመን ያለፉ መምህራን ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ መለወጡም ትክክል ነው።

ሌላውም አገር ያገኘው ከዚህ የተሻለ አይደለም። ፔሩ ለተማሪዎቿ ላፕቶፕ ካደለች በኋላ የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት 319 ትምህርት ቤቶችን አይቶ በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ውጤት ላይ የመሻሻል ማስረጃ አላገኘም።

ኬንያ፣ ኪሱሙ ውስጥ ደግሞ ንባብ ለማሻሻል የተነደፈ አንድ ፕሮግራም ተፈተሸ፤ በአንዱ ወገን ታብሌት ለመምህራን፣ በሌላው ለአሰልጣኞች፣ በሦስተኛው ማንበቢያ መሣሪያ ለተማሪዎች ተሰጠ። ሦስቱም መሣሪያ ካልተጨመረበት ከዚያው ፕሮግራም ጎላ ብሎ የሚታይ ብልጫ አላሳዩም፤ ለወጣው ገንዘብ የበለጠ ውጤት የሰጠውም መሣሪያ ያልተጨመረበት ነበር። በውስጡ የነበረው የመምህር መምሪያ፣ የተማሪ መጽሐፍና ክፍል ድረስ እየመጣ መምህሩን የሚያግዝ አሰልጣኝ ነው። ኬንያ በኋላ «ቱሶሜ» ብላ ሥራውን በአገር ደረጃ ስታሰፋው ታብሌቱን የያዘው አሰልጣኙ ነበር፤ ክፍል ገብቶ መምህሩን ያይ፣ ጥቂት ልጆችን ያስነብብ፣ ያየውንም ለመምህሩ ይነግረው ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወራ «መምህር ባይኖርም ልጁ ራሱ ይማራል» የሚለው አነጋገር ተመልሷል። በጀት የሚያጸድቅ ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ልጁ «ጣፊ» የሚለውን ቃል ተሳስቶ ሲያነበው የሚሰማው ማነው?