«ረዳት ይዞ ይምጣ» መልስ አይደለም

ስለ ምርጫ ሲወራ «ዓይነ ስውርማ ረዳት ይዞ መምረጥ ይችላል፣ ሕጉ ፈቅዶለታል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይችላል። ግን የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38 ድምፅ በሚስጥር ይሰጣል ነው የሚለው። ረዳቷ ባሏ ቢሆንስ? የቀበሌ ሰው ቢሆንስ? የተባለው ላይ ምልክት ማድረጉንስ በምን ታውቃለች?

«ወጪ አለው» ባዮችም አላችሁ። ቆይ፣ በ1997 ወረቀቱ ላይ ንብና ሁለት ጣት የታተመው ለምን ነበር? ፊደል ያልቆጠሩ እናትና አባቶቻችን እንዲመርጡ አይደል እንዴ! ያኔ ማንም ችሮታ ነው አላለም። ጋና እኮ እ.ኤ.አ. በ2004 ምርጫ በእጅ የሚዳሰስ ማቀፊያ አቅርባለች። ወረቀቱ ውስጡ ይገባል፣ በየተወዳዳሪው አንጻር ቀዳዳ አለ። ብሬል ያልተማረም ቀዳዳውን ቆጥሮ ብቻውን ይመርጣል። ካርቶን ነው፣ ሮኬት አይደለም።

ደረጃውማ አይነሳ። ዊልቸር ላይ ያለን ሰው አራት ጎረምሳ ተሸክሞ ሲያስገባው ፎቶ እናነሳለን፣ «ጀግና» እንላለን። ጣቢያውን ምድር ቤት ማድረግ ስንት ብር ይፈጃል?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ምርጫ አስፈጻሚ የምትሆኑ አትጠፉም። ደረጃ የሌለው ክፍል ያዙ። ኮሮጆውን ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ረዳት የሚፈልግም ራሱ ይምረጥ እንጂ እናንተ አትመድቡለት።