የቤት አያያዝ፦ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ቀለም ከመቀባቱ በፊት

በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ፣ አዲስ ቤት የሠራ አባወራ ምኞቱ አንድ ነው፤ ይኸውም የመስቀልን በዓል በተቀባ ቤት ውስጥ መዋል ነው። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን በነሐሴ መጨረሻ የተለሰነ ግድግዳ ለመስከረም 17 ቀን ቀለም ለመቀበል አይደርስም። በብዙ ድካም በተጠራቀመ ገንዘብ የተገዛው ቀለም ጥር ሳይገባ እየተላጠ ሲወድቅ፣ ባለቤቱ ቀለሙን ያማርራል፤ ሠራተኛውንም ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የችኮላ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሲሚንቶና በአሸዋ የተለሰነ ግድግዳ ላዩ የደረቀ ቢመስልም በውስጡ ገና ውሃ አለበት። ይህ ውሃ ወደ ውጭ ሲወጣ ከግድግዳው የሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣል። የአምቦ ውሃ በብርጭቆ ውስጥ ቆይቶ ሲደርቅ ነጭ ምልክት እንደሚተው ሁሉ፣ የግድግዳውም ውሃ ሲተን ነጭ ዱቄት ይተዋል፤ በላዩ ቀለም ካለ ገፍቶ ያነሣዋል። ከዚህም ሌላ ትኩስ ሲሚንቶ እንደ አመድ ውሃ ኃይለኛ ስለሆነ፣ የዘይት ቀለም ሲያገኝ ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ቀለሙ ያጣብቃል፤ መልኩም ይበላሻል።

ስለዚህ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ፣ ምርጊቱ ፈጽሞ ደርቆና ስንጥቁ ተደፍኖ ሳያልቅ ልስን አይጨመርበት። የሲሚንቶ ልስን በመጀመሪያዎቹ 7 ቀኖች እንዳይሰነጠቅ በየዕለቱ ውሃ ይረጭበት። ከዚያ በኋላ በርና መስኮቱ እየተከፈተ በበጋ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆይ፤ በክረምት ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ክንድ የሚሆን ላስቲክ ዙሪያውን በግድግዳው ላይ አጣብቆ ማሳደር ነው። ጧት ሲገለጥ ከበስተኋላው እንደ ጤዛ ያለ እርጥበት ከታየ፣ ግድግዳው ገና ነው።

ሲደርቅ ነጩ ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ እንጂ በውሃ አይታጠብ፤ ጨው በውሃ ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይገባልና። ቀጥሎ ስቱኮው በስሱ ይቀባ፤ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ ይህም ሁለት ጊዜ ይደገም። ማታ መብራት በግድግዳው ጎን ተይዞ ቢታይ፣ በቀን የተሰወረው ጉድለት ሁሉ ጥላ ጥሎ ይገለጣል። በሚታሽበት ጊዜ ሠራተኛው አፍንጫውንና አፉን ይሸፍን፤ ሕፃናትም ከቤቱ ይራቁ። አቧራው ከተጠረገ በኋላ፣ የመጀመሪያው የውሃ ቀለም በቆርቆሮው ላይ እንደ ተጻፈው መጠን ቀጥኖ ይቀባ፤ ግድግዳው ጠጥቶት እንዲይዘው ነው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳይቀጥን ይደረብበታል፤ እያንዳንዱም ሳይደርቅ ሌላው አይከተል።

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን የጥንት አብያተ ክርስቲያናት የሳሉ አባቶች፣ በጭቃና በጭድ የተለሰነውን ግድግዳ አስተካክለው፣ የጥጥ ጨርቅ ለጥፈው፣ በላዩም መደብ ቀብተው ነበር ሥዕሉን የሚጀምሩት። ዓይን የሚያየው ሥዕሉን ነው፤ ሥዕሉን ተሸክሞ ያቆየው ግን ከበታቹ ያለው የማይታየው ድካም ነው።

እንግዲህ መስቀልን ባልተቀባ ቤት ማክበር ነውር አይደለም። ልስኑ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ይድረቅ፤ ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ድግስ ስለሌለና አየሩም ደረቅ ስለሆነ ቤቱ ይቀባ፤ ለልደት ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። ቀለም ቀቢው «ጌታዬ፣ ጥቂት ይቆይ» ሲል አስቸኩለነው ቀለሙ ቢላጥ፣ የቀን ዋጋውን መከልከል ግፍ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 13 ደካማ ግድግዳ ሠርተው በምርጊት የሚሸፍኑትን ገሥጿል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የሠራተኛን ደመወዝ የሚያስቀሩትን ወቅሷል። የቤታችን ግድግዳ ከውጭ ለስልሶ፣ በውስጡ የድሀ እንባ እንዳይኖርበት እንጠንቀቅ።